የፊልም ጀግና የተቀረጸበት ጥፍጥፍ ብር፦ የሚባለውና እውነታው

ጄምስ ቦንድ፣ ዳርዝ ቬደር፣ ስፓይደርማን። እነዚህ የፊልም ጀግኖች ዛሬ ጥፍጥፍ ብርና የብር ሳንቲም ላይ ሳይቀር ተቀርጸው ይሸጣሉ። የእንግሊዙ ሮያል ሚንትና የአውስትራሊያው ፐርዝ ሚንትን የመሰሉ ትልልቅ አምራቾች በባለመብቶቹ ፈቃድ ያወጧቸዋል። ስለነሱ የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«መጫወቻ ነው፤ ብሩ ከላይ የተቀባ ነው።»

ከታወቀ አምራች የወጣ ከሆነ አይደለም። 999 የሚል ምልክት ካለው ከ1000 እጅ 999ኙ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ችግሩ አስመስሎ የሚሠራው መብዛቱ ነው። ማግኔት አስጠግቶ «አልሳበውም፣ እውነተኛ ነው» ማለት አያዋጣም። መዳብንም ናስንም ማግኔት አይስባቸውም። ይልቅ መዝኑት፣ ውፍረቱንም ለኩት። መዳብ ከብር ስለሚቀል፣ እኩል ክብደት እንዲኖረው ከተፈለገ መወፈሩ አይቀርም።

«አንድ አውንስ 28 ግራም ነው።»

እሱ የምግብ አውንስ ነው። ብርና ወርቅ የሚመዘኑት በትሮይ አውንስ ሲሆን አንዱ 31.1 ግራም ነው። ስለዚህ ባለ 10 አውንሱ የጄምስ ቦንድ ጥፍጥፍ 311 ግራም መሆን አለበት። ሚዛኑ 283 ካለ ሻጩን ጠይቁት።

«ፊልሙ ታዋቂ ስለሆነ ዋጋው መጨመሩ አይቀርም።»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ስትገዙ የምትከፍሉት ለሁለት ነገር ነው፤ ለብሩና ለሥዕሉ። የብሩን ዋጋ የዓለም ገበያ ይወስናል። እሱም ቢሆን አይታመንም፦ በጥር 1980 እ.ኤ.አ. አንድ አውንስ ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ በመጋቢት መጨረሻ 11 ዶላር ገደማ ወረደ። በ2011 እንደገና 50 ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ በ2015 መጨረሻ ከ14 በታች ሆነ። ለሥዕሉ የከፈላችሁትን ጭማሪ ደግሞ በክብደት የሚገዛ ነጋዴ አይመልስላችሁም። ያንን የሚከፍል ሌላ ሰብሳቢ መፈለግ የናንተ ፋንታ ነው። «የተሠራው በተወሰነ ቁጥር ነው» የሚለው ማስታወቂያም ስንት ሰው እንደሚፈልገው አይናገርም። እንግሊዝ ውስጥ በዚህ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ስትሸጡ እሱም ቀልጦ ይቀራል።

«2 ዶላር ተብሎ ተጽፎበታል፣ ስለዚህ ገንዘብ ነው።»

ይሄ ለሳንቲሞቹ ይሠራል። የዳርዝ ቬደሩ የኒዌ፣ የፐርዙ ስፓይደርማን ደግሞ የቱቫሉ ሳንቲም ነው፤ ሁለቱም የፓስፊክ ትንንሽ አገሮች ናቸው። ግን ከ2 ዶላር በላይ የሚያወጣ ብር ይዞ በ2 ዶላር ዳቦ የሚገዛ ማን አለ? ጥፍጥፉ ላይ ደግሞ የገንዘብ መጠን የለም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በእንግሊዝ የአገሩ የራሱ ሕጋዊ ሳንቲም ሲሸጥ ከካፒታል ትርፍ ግብር (ንብረት ሸጦ ከተገኘ ትርፍ ላይ ከሚከፈል ግብር) ነፃ ነው፣ ጥፍጥፍ ግን አይደለም።

«ጠቆረ፣ ስለዚህ ሐሰተኛ ነው።»

ንጹሕ ብርም ይጠቁራል፤ አየር ውስጥ ያለው የሰልፈር ውህድ ነው የሚያጠቁረው። በጥርስ ሳሙና እንዳትፈትጉት ብቻ። ብሩ ብር ሆኖ ይቀራል፤ ፊቱ ላይ ጭረት ያየ ሰብሳቢ ግን ጭማሪውን አይከፍልም።