የድጓ ምልክትና ወሎ

ዜማ በጽሑፍ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አምስት መስመር ላይ የተንጠለጠለው የፈረንጅ ኖታ ነው። ወሎ ውስጥ ግን ሌላ ታሪክ አለ፣ እሱም በደንብ ሊወራለት ይገባል።

ቦታው አማራ ሳይንት፣ ተድባበ ማርያም ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት የድጓውን (የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ነው) የዜማ ምልክት ሠርተው ያስተማሩት እዚያ እንደሆነ ይነገራል። ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቃል ሲወርድ የኖረ። ጊዜውን ልብ በሉ፦ የግራኝ አህመድ ጦርነት ገና ማለቁ ነው፣ ስንት መጽሐፍ ተቃጥሏል፣ ስንት ሊቅ አልቋል። ዜማው አብሮ እንዳይጠፋ የሰጉ ይመስለኛል።

የድጓ ገጽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከግዕዙ ቃል በላይ፣ በመስመሮቹ መሃል፣ ደቃቅ ነገር ተጭኗል። አንዳንዱ ነጥብና ጭረት ነው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ፣ በኋላም ድርስና አንብር። ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል፤ ቁርጥ ሲመጣ ድምፅ ይቆረጣል፣ ርክርክ ላይ ይርገበገባል። የቀረው ፊደል ነው። አንድ ሁለት ፊደል ብቻ፣ ግን ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ታስታውሰዋለች። እንዲህ ያሉት በመቶዎች ይቆጠራሉ። ያው ፊደል ደግሞ በሦስቱ የያሬድ የዜማ ስልቶች፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ፣ አንድ ዓይነት አይዜምም።

ስለዚህ ድጓን ከመጽሐፍ ብቻ መማር አይቻልም። መሪጌታው ያዜማል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ደጋግሞ ይቀጽላል፤ ምልክቱ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ በመስመር ላይ ኖታ ሲያስተምር የፈለገው ሌላ ነበር፦ ልጆቹ ሰምተው የማያውቁትን መዝሙር ከገጹ እያዩ እንዲዘምሩ። የኛ ምልክት ግን መምህሩን ሊተካ አልተሠራም። ይህን ጉድለት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የተሠራው ለሚያውቅ ሰው ነው፣ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ አንዲት ፊደል ትበቃለች።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለው የወሎ ዜማ ይህን ያህል እንኳ ምልክት አላገኘም። ስማቸው ከወሎ ቦታ ጋር አንድ የሆነው የባቲና የአምባሰል ቅኝቶች ከማሲንቆ ወደ ጆሮ ነው የተሻገሩት። የሙስሊሞቹ መንፈሳዊ ዜማ፣ የመንዙማ ግጥም በአረብኛ ፊደል በአማርኛ ተጽፎ ይገኛል፣ ዜማው ግን ያለው በሚያዜሙት ሰዎች አፍ ነው።