የአህያ ጉልበት ወደ ኋላ አይታጠፍም!

ሱሉልታ ውስጥ እንስሳ መሳል ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ግን አንድም ተማሪ ይሄን ሳይለኝ ያለፈ የለም፦ «የአህያ የኋላ እግር ጉልበቱ ወደ ኋላ ነው የሚታጠፈው»። አይደለም! እሱ ጉልበት አይደለም፣ ተረከዝ ነው።

እስቲ አሁን ተነሱና በእግር ጣታችሁ ብቻ ቁሙ፣ ተረከዛችሁ ከመሬት ይነሳ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ ሸብረክ አድርጉት። አህያ ዕድሜ ልኳን እንደዚህ ነው የምትቆመው፣ ያውም በአንድ ጣት፣ ሰኮና የምንለው የመሃል ጣቷ ጥፍር ነው። ላም፣ በግና ፍየል በሁለት ጣት ይቆማሉ፣ ውሻና ጅብ ደግሞ በጣቶቻቸው ይረግጣሉ። እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ፣ ሆዱ ጋ ነው ያለው። የፊት እግሩም እንደዛው ነው፣ «ጉልበት» የምትሉት የእጅ አንጓ ነው፣ ክርኑ ደረቱ አጠገብ ነው።

አንድ ጊዜ የሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ በሬ ስዬ ባለቤቱ «ጉልበቱን ያለቦታው ነው ያደረግከው፣ ካላስተካከልክ አልከፍልም» አለኝ። በየቀኑ በሬ የሚበልት ሰው! በጣም ነው የከፋኝ። እጁን ይዤ ወደተሰቀለው ታፋ ወሰድኩትና በግም በሬም ስንሰቅል መስቀያውን የምናስገባው ከወፍራሙ ጅማት ስር አይደል ወይ አልኩት፣ አዎ አለ፣ ያ ጅማት እኛም ጋ ከባታችን ወርዶ ተረከዛችን ላይ ነው የሚያርፈው፣ እራስህን ዳብሰህ እይ አልኩት። ከዛ ወደ ጭኑ ወረድ ብለን የጉልበቱን ሎሚ በገዛ ጣቱ አስነካሁት። ዝም አለ፣ ከፈለኝ። እናንተም ለበዓል በግ ሲገፈፍ ሎሚውን ፈልጉት፣ ከዛ በኋላ አትሳሳቱም።

ሌሎቹን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሩ ተዘርግቶ አየር ላይ ይሆናል።» ትልልቆቹም ተሳስተዋል፣ ፈረንሳዊው ዤሪኮ በ1821 የኤፕሰም ፈረስ ውድድርን እንደዛ ነው የሳለው። በ1878 ፎቶ አንሺው ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራ ደርድሮ የሚሮጥ ፈረስ ሲያነሳ ግን አራቱም እግር ከመሬት የሚለቀው ሆዱ ስር ሲሰበሰብ እንደሆነ ታየ።

«የፍየል አይን ክብ ብሌን አለው።» የለውም፣ አግድም ነው። የበግም የፈረስም እንደዛ።

«በስልክ አንስቶ መገልበጥ ይሻላል።» ተጠግታችሁ ካነሳችሁ ጭንቅላቷ የገዘፈ፣ ቂጧ የሟሸሸ ላም ነው የምታገኙት። ራቅ በሉ።

«እንስሳ መሳል የልጅ ሥራ ነው።» እንግሊዛዊው ጆርጅ ስታብስ የሞቱ ፈረሶችን እየገፈፈ ጡንቻና አጥንታቸውን ሲስል አንድ ዓመት ተኩል ያህል ነው የከረመው፣ ሥራውንም በ1766 አሳተመ። ይሄ የልጅ ሥራ ነው?

«የድሮ የቤተክርስቲያን ሰዓሊዎች ፈረስ አይችሉም ነበር።» ይሄኛው ያናድደኛል። ጻድቁን በሁለት አይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ አይን የሚስል ሰው ሥርዓት አለው ማለት ነው፣ የጊዮርጊስን ነጭ ፈረስ የሚስለውም ገበያ ላይ ያለውን ፈረስ ሊያሳያችሁ ብሎ አይደለም። በማይመለከተው መስፈርት አትለኩት።

በሉ አሁን ከሰል ያዙና ጠዋት ከብት ሲወጣ ወደ ሜዳው ውረዱ። ላጲስ አትያዙ። አንዷን እንስሳ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ከዛ ሌላ። መጀመሪያ ተረከዙ ላይ ነጥብ አድርጉ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ ላይ፣ ከዛ ዳሌው ላይ፣ ሦስቱን ካገናኛችሁ እግሩ ራሱ ይመጣላችኋል። ሳር የጫኑትን አህዮች ግን ለጀማሪ አልመክርም፣ ሳሩ ጎናቸውን ስለሚሸፍነው ጉልበቱ ጭራሽ አይታይም፣ ጭነቱ እስኪወርድላቸው ጠብቁ።