ሴልፍ ሪፈራል ምንድን ነው? ሐኪሙ ወደራሱ ማሽን ሲልክህ

የሰፈራችን አንዲት እናት ጎኔን ወጋኝ ብለው አንድ የግል ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሙ አያቸውና አልትራሳውንድ አዘዘላቸው፣ ማዘዣው ላይ ደግሞ የምርመራ ቤቱ ስምና ስልክ ከነአድራሻው ታትሞበታል። "ሌላ ቦታ የተነሳ አንቀበልም ብለውኛል ልጄ፣ አድርሰኝ" አሉኝ። በዛ የድሬ ሙቀት ባጃጅ ይዘን ሁለት አልትራሳውንድ ያላቸው ቤቶችን አልፈን ሄድን። በኋላ በርጫ ላይ ሲወራ ነው ሐኪሙ እዛ ቤት ሼር እንዳለው የሰማሁት።

እና አቦ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ምርመራው የግድ የሚያስፈልጋቸው ሊሆን ይችላል። ችግሩ እኔም እሳቸውም ይሄን ማወቅ አለመቻላችን ነው፣ ምናልባት ሐኪሙ ራሱም እርግጠኛ አይደለም፣ ምክንያቱም ሰው ኪሱ የሚጠቀምበትን ነገር ሲወስን ለበሽተኛው ብዬ ነው ብሎ ራሱን ማሳመን አያቅተውም።

ሴልፍ ሪፈራል ማለት በቃ ይሄ ነው። ሐኪሙ አንተን ለላብራቶሪ፣ ለራጅ፣ ለኤምአርአይ ወይ ለመድኃኒት የሚልክህ እሱ ወይ ቤተሰቡ ጥቅም ወዳለው ቦታ ሲሆን ማለት ነው። ብዙ ሰው ከኮሚሽን ጋር ያምታታዋል። ኮሚሽን "ሰው ላክልኝ፣ በሰው ይሄን ያህል እሰጥሃለሁ" ነው፣ የደላላ ስራ። ሴልፍ ሪፈራል ላይ ግን ማንም ለማንም ፖስታ አያቀብልም፣ ትርፉ በባለቤትነቱ ዞሮ ይገባለታል።

ራስህ ከኪስህ ስትከፍል ቢያንስ ሂሳቡ ያምሃል፣ ትጠይቃለህ፣ ትከራከራለህ። የመንግስት ጤና መድህን ሲመጣ ግን ከፋዩ እዛ ክፍል ውስጥ የለም። ሐኪሙ ያዛል፣ ታካሚው ነጻ ነው ብሎ እሺ ይላል፣ ሂሳቡ የሁሉም መዋጮ ካለበት ካዝና ይወጣል። ለዛ ነው በዚህ ጉዳይ በጣም የታወቀው ህግ አሜሪካ ውስጥ ከሜዲኬር ጋር ተያይዞ የወጣው። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚከፍል የፌደራል መድህን ነው።

ህጉን ሁሉም ስታርክ ሎው ነው የሚለው፣ ፒት ስታርክ በሚባለው የካሊፎርኒያ ተወካይ ስም። በ1989 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የማወራው) ሲወጣ ላብራቶሪን ብቻ ነበር የሚመለከተው፣ ስራ ላይ የዋለውም በ1992 ነው። መነሻው ወሬ አልነበረም። በዛው 1989 የመንግስት ኦዲት ሰዎች የሜዲኬር ታካሚዎችን ሲያዩ ላብራቶሪ ውስጥ ድርሻ ያላቸው ሐኪሞች የሚልኳቸው ታካሚዎች ከሌሎቹ 45 በመቶ የበለጠ የላብራቶሪ ምርመራ እንደሚሰራላቸው አገኙ። በ1990 የታተመ ጥናት ደግሞ የራሳቸው ማሽን ያላቸው ሐኪሞች ወደ ራዲዮሎጂስት ከሚልኩት 4 እጥፍና ከዛ በላይ ምስል እንደሚያነሱ አሳየ፣ በተመሳሳይ የህመም አይነት እኮ ነው። በ1993 ህጉ ራጁንም ፊዚዮቴራፒውንም የሆስፒታል አገልግሎቱንም ጨምሮ ሰፋ።

የህጉ ልዩ ነገር ግን ሐሳብህን አለመጠየቁ ነው። ኮሚሽንን የሚከለክለው ሌላ ህግ አላቸው፣ እሱ ወንጀል ነው፣ አውቀህ ማድረግህ መረጋገጥ አለበት። ስታርክ ሎው ላይ ግን አላውቅም ነበር፣ ክፉ አላሰብኩም ምናምን አይሰራም። የተከለከለው ግንኙነት ካለና ከተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች ውስጥ ካልገባህ በቃ መድህኑ አይከፍልም፣ የተከፈለህንም ትመልሳለህ። ግንኙነት ሲባል ባለቤትነት ብቻ አይደለም፣ የገንዘብ ውልም ይቆጠራል፣ ሐኪሙ ከሆስፒታሉ ጋር ያለው የቢሮ ኪራይ ውል ፊርማው ቢጎድል ራሱ ጣጣ ነበረው። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ቱሚ የሚባል ሆስፒታል ከሐኪሞቹ ጋር በተዋዋለው የትርፍ ሰዓት (ፓርት ታይም) ቅጥር ምክንያት 237 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተፈርዶበት ነበር፣ በመጨረሻ በ2015 በ72.4 ሚሊዮን ተስማሙ።

ታዲያ ይሄ ህግ በኋላ ለምን ይሻሻል ተባለ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመው። ህጉ የተጻፈው መድህኑ በየአገልግሎቱ ሲከፍል በነበረበት ጊዜ ነው፣ አንድ ራጅ አንድ ሂሳብ፣ አስር ራጅ አስር ሂሳብ። እንደዛ ሲሆን ብዙ ማዘዝ ትርፍ ነው፣ ክልከላው ልክ ነው። በኋላ ግን መድህኑ ራሱ አከፋፈሉን መቀየር ጀመረ፣ "ለዚህ ሁሉ ታካሚ ይሄን ያህል ውሰድና አክም፣ ካተረፍክ የአንተ፣ ከከሰርክም የአንተ" አይነት። አሁን ደግሞ ያለ ምክንያት ማዘዝ ኪሳራ ሆነ ማለት ነው፣ ሆስፒታሉና ሐኪሙ ተቀናጅተው ቢሰሩ፣ ትርፉንም ቢካፈሉ ለታካሚው የሚጠቅም ነገር ሆነ፣ አሮጌው ህግ ግን ያንን መካፈል ራሱ እንደ ጥፋት ያየዋል።

ስለዚህ የሜዲኬር ሰዎች በ2018 አስተያየት ሰበሰቡ፣ በ2020 መጨረሻ አዲሱን ደንብ አወጡ፣ አብዛኛው ከጃንዋሪ 19 2021 ጀምሮ ስራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ኪሳራውን በተሸከምክ ቁጥር ነጻነትህ ይሰፋል። የታካሚዎቹን ወጪ ሙሉ በሙሉ የተሸከመ የሆስፒታልና የሐኪሞች ስብስብ ብዙም አይጨናነቅም፣ ሐኪሙ ከሚያገኘው ቢያንስ 10 በመቶውን ለአደጋ ካጋለጠ መካከለኛ ነው፣ ምንም ያልተሸከመ ደግሞ ውሉን በጽሁፍ ያስቀምጣል፣ ውጤቱንም ይከታተላል። ጥቃቅን ነገሮችንም አላሉ፣ የውሉን ጽሁፍም ፊርማውንም ለማሟላት 90 ቀን ሰጡ፣ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ለሚደርስ ክፍያ ሐኪሙ በእውነት ለሰራው ስራ ከሆነ የጽሁፍ ውል አስቀሩ።

ያልተነካው ትልቁ ቀዳዳ ግን አለ። ሐኪሙ በራሱ ቢሮ ውስጥ የሚሰራው ምርመራ ድሮም በልዩ ሁኔታ የተፈቀደ ነው። ኤምአርአይ፣ ሲቲና ፔት የሚባሉት የምስል ምርመራዎች ከሆኑ ብቻ በ40 ኪሎሜትር ገደማ ዙሪያ ያሉ 5 ሌሎች ቦታዎችን ዘርዝሮ ለታካሚው በወረቀት መስጠት አለበት። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ እኛ ጋ 5 ቦታ ዘርዝር ቢባል ምን ሊጻፍ ነው፣ ሐረር ድረስ ራሱ በመንገድ 50 ኪሎሜትር ገደማ ነው። እነሱም ይሄ ገብቷቸዋል መሰለኝ ለገጠር አካባቢ የባለቤትነት ክልከላውን አላልተውታል፣ ምክንያቱም ሐኪሙን ማሽን አትግዛ ካልከው ማሽኑን የሚያመጣ ሌላ ሰው አይኖርም።

ወደኛ ስመጣ፣ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህኑ በ2011 (ይሄም በፈረንጅ ነው) በሙከራ ሲጀመርም አሁንም አከፋፈሉ በአብዛኛው በየአገልግሎቱ ነው፣ የህክምና ተቋሙ የሰራውን ዘርዝሮ ሂሳብ ያቀርባል። ማለትም እኛ ያለነው የአሜሪካው ህግ በተጻፈበት ዘመን ላይ እንጂ በተሻሻለበት ላይ አይደለም። "እነሱ ራሳቸው እያላሉት ነው፣ እኛ ለምን እናጠብቃለን" የሚል ሰው ገጥሞኛል፣ አይ አቦ፣ እነሱ ያላሉት መጀመሪያ አከፋፈሉን ለቀየረ ሰው ነው። የመንግስት ሆስፒታል "መድኃኒቱ አልቋል፣ ሪኤጀንት የለም፣ ውጪ አሰራ" ሲልህ ያ ውጪ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ መድህን መኖሩ ብቻ አያድንህም፣ ከደብተርህ ባይወጣ ከኪስህ ይወጣል።

እኔ ብሆን ከክልከላ በፊት ማሳወቅን ነው የማስቀድመው፣ እዚህ ከተማ ላይ ስፔሻሊስቱም ማሽኑም ጥቂት ስለሆነ ጭራሽ ቢከለከል የሚጎዳው ታካሚው ነው። ማዘዣው ላይ "እዚህ ቤት ድርሻ አለኝ፣ ሌላ ቦታም መነሳት ትችላለህ" የሚል አንድ መስመር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም። ያቺ እናት ያንን መስመር አንብበውም እዛው ይሄዱ ይሆናል፣ ሐኪሙን ይወዱታል። ባጃጁን ግን የመጀመሪያው ቤት ጋ አስቁመው ዋጋ ይጠይቁ ነበር፣ ለነገሩ ስንመለስ ጠየቅን፣ በግማሽ ይቀንሳል።