ፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ጣራ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደጋ ላይ ላደገ ሰው ጣራ ማለት ቆርቆሮ፣ ሚስማር እና ጎማ ነው። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ አሸንዳው ይቀበለዋል፣ አለቀ። ፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ግን ዝናቡ በጎን ይመጣል፤ ነፋስ ሲያይልበት ሽቅብ በሽንግሉ፣ ማለትም በጣራው ላይ ተደራርቦ በሚመታው የሬንጅ ንጣፍ፣ ሥር ይገባል። አየሩም ጨው ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ግምት እዚህ ብዙ አይሠራም። ከጎረቤት የሚሰማው ምክርም፣ ኮንትራክተሩ በር ላይ ቆሞ የሚያወራውም ስለ ሽንግሉ ቀለምና ስለ ዋስትናው ዓመት ነው። ማዕበል በመጣ ቀን ቤቱን የሚያተርፈው ግን ከሽንግሉ ሥር የተሠራው ነገር ነው፤ እሱን ማየት የሚቻለው ደግሞ ጣራው በተከፈተባቸው አንድ ሁለት ቀናት ብቻ ነው።

«ጣራ ማለት ሽንግሉ ነው»

ሽንግል ፀሐይንና ተራ ዝናብን ይከላከላል። ከባድ ሃሪኬን ሲመጣ ግን ከፊሉ ተነቅሎ ሊሄድ እንደሚችል አስቦ መሥራት ይሻላል። ዋናው ጥያቄ ሽንግሉ ከሄደ በኋላ ውሃው የት ይገባል የሚለው ነው።

ከሽንግሉ ሥር ያለው ፕላይውድ 4 በ8 ጫማ እየሆነ የሚመጣ ሉህ ነው። እንጨት እርጥበት ሲስብ ስለሚለጠጥ በሉሆቹ መካከል የ1/8 ኢንች ክፍተት ይተዋል። ክፍተቷ ከቁጥር የምትገባ አትመስልም። እስቲ እናስላት። 2,000 ካሬ ጫማ የሆነ ጣራ 63 ሉህ ገደማ ይፈጃል። ለእያንዳንዱ ሉህ 12 ጫማ መጋጠሚያ ይደርሰዋል፣ በድምሩ ወደ 750 ጫማ ማለት ነው። ይህ በ1/8 ኢንች ሲባዛ 8 ካሬ ጫማ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሽንግሉና ሥሩ ያለው ወረቀት ከተነሱ፣ ቤቱ አናት ላይ የአንድ ሉህ ሩብ የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ ማለት ነው። ውሃው በዚያ ገብቶ ኢንሱሌሽኑን ያጠግበዋል፤ ኮርኒሱ ክብደቱን አልችል ብሎ ይወድቃል። ፕላይውዱ አንድ ሉህ እንኳ ሳይነሳ ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ የሚበላሸው እንዲህ ነው።

ለዚህ ነው የአሁኑ የፍሎሪዳ ኮድ ጣራ ሲቀየር የፕላይውዱ መጋጠሚያ እንዲታሸግ የሚያዘው። የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው መጋጠሚያውን ሁሉ 4 ኢንች ስፋት ባለው ተለጣፊ ቴፕ ሸፍኖ ከላይ ወረቀት ማንጠፍ ነው። ሁለተኛው ሙሉውን ጣራ በራሱ በሚለጠፍ የሬንጅ ምንጣፍ መሸፈን ነው። ሦስተኛው 36 ኢንች ስፋት ያለውን ወረቀት እርስ በርሱ 19 ኢንች እያደራረቡ ሁለት እጥፍ ማንጠፍ ነው። ለብዙ ቤት ቴፑ ይበቃል ብለን እናምናለን። ዋጋው ይቀንሳል፤ በቀጣዩ ቅየራ ጊዜም፣ ሙሉ ምንጣፍ ሲላጥ እንደሚሆነው የፕላይውዱን ገጽ ይዞ አይመጣም። ችግሩ ሠራተኛው ሲቸኩል ነው። በጤዛ ላይ ወይም የመጋዝ ብናኝ ባልተጠረገበት እንጨት ላይ የተለጠፈ ቴፕ በሁለተኛው ቀን ጠርዙ ይነሳል። ጠዋት እንጨቱ እስኪደርቅ ይጠበቅ፣ ይጠረግ፣ ከዚያ ቴፑ በደንብ ተጭኖ ይለጠፍ።

«አሮጌው ላይ ደርቦ መምታት ገንዘብ ይቆጥባል»

አሮጌው ካልተነሳ ፕላይውዱ አይታይም፤ ካልታየ ደግሞ እንደገና መመታት አለመመታቱን የሚያውቅ የለም። ደርቦ መምታትን የምንቃወመው ከሁሉ በፊት በዚህ ምክንያት ነው።

ሃሪኬን አንድሪው በነሐሴ 1992 ደቡብ ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ ግዛቱ አንድ ወጥ የግንባታ ኮድ አወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው በመጋቢት 2002 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት በተሠሩ ብዙ ቤቶች ፕላይውዱ የተያዘው በስስ ሚስማር ወይም በሽቦ ስቴፕል ነው። ዛሬ የሚፈለገው አካሉ ላይ ቀለበት ቀለበት ያለው 8ዲ የሚባል ሚስማር ነው፤ ርዝመቱ 2 ከ3/8 ኢንች፣ በየ6 ኢንቹ። ቀለበቱ እንጨቱን ስለሚነክስ ነፋስ ሽቅብ ሲስበው እንደ ልሙጡ ሚስማር ተንሸራቶ አይወጣም። ወራጆቹ በ24 ኢንች ርቀት ከቆሙ አንድ ሉህ አምስት ወራጅ ላይ ያርፋል፤ በእያንዳንዱ ላይ 9 ሚስማር፣ በድምሩ 45። አንዱን ሉህ መርጠው ይቁጠሩ።

ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም። ምሳ ሰዓት ላይ የእጅ ባትሪ ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ቦታ ይውጡና ሽቅብ ይመልከቱ። ከወራጁ ጎን ፕላይውዱን በስቶ የወጣ የሚያብረቀርቅ የሚስማር ጫፍ ካዩ፣ ያ ሚስማር ወራጁን ስቶታል፤ ምንም አልያዘም። አንድ ሁለት ቢገኝ የሚጠበቅ ነው። በተርታ ከተሰለፉ ግን መቺው መስመሩን ሳይዝ ነው የሄደው፣ ያ ረድፍ እንደገና ይመታ። ወራጁና ግድግዳው የሚገናኙበትን የብረት ማሰሪያም በዚያው ዕድል ይመልከቱ፤ ብረቱ ወራጁን ከአናቱ በላይ ዞሮ ካልያዘው ወይም ሚስማሩ ከጎደለ፣ ማሟላቱ ከጣራው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ወጪ ነው።

የበሰበሰ ፕላይውድ መውጣቱ አይቀርም። ውሉ ላይ የአንድ ሉህ መቀየሪያ ዋጋ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ጣራው ተከፍቶ ደመና በመጣበት ሰዓት ነው ዋጋ የሚነገርዎት።

«ሽንግሉ 150 ማይል ነፋስ ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል»

ጽሑፉ ውሸት አይደለም። ኤ ኤስ ቲ ኤም ዲ7158 በሚባለው መለኪያ ክፍል ኤች የተሰጠው ሽንግል በሰዓት 150 ማይል ለሚሄድ ነፋስ የተመደበ ነው። ምደባው ግን በደንቡ ለተመታ ሽንግል ነው። ለጠረፍ አንድ ሽንግል 6 ሚስማር ያስፈልገዋል፤ በ4 የተመታ ከሆነ ሽንግሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የእርስዎን ጣራ አይመለከትም። አንድ ስኩዌር፣ ማለትም 100 ካሬ ጫማ፣ ወደ 390 ሚስማር ይበላል።

ሽንግሉ ላይ የሚስማር መስመር ተሠምሮ ይመጣል። በዚያ መስመር ላይ የገባ ሚስማር ሁለት ሽንግል አንድ ላይ ይይዛል፤ የራሱንና ከሥሩ ያለውን የላይኛውን ጠርዝ። ሁለት ኢንች ከፍ ብሎ ከገባ የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው። ሌላው ጥፋት የሚስማር መምቻውን በአየር የሚገፋው የኮምፕረሰሩ ግፊት ነው። ጠዋት የተስተካከለው ግፊት ከሰዓት በኋላ ሽንግሉ በፀሐይ ሲለሰልስ ይበዛበታል፣ የሚስማሩ ጭንቅላት ሽንግሉን በስቶ ይሰምጣል። ጭንቅላቱ ከገጹ እኩል መሆን አለበት። ጥሩ ፎርማን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ግፊቱን ያስተካክላል።

የነፋስ ጫና ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በካሬ ነው የሚያድገው። 150 ማይል ከ100 ማይል አንድ ተኩል ጊዜ ይፈጥናል፣ ጫናው ግን 2.25 እጥፍ ነው። ይህ ጫና የሚበረታው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ነው፤ ጣራም ብዙ ጊዜ መገለጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ የጠርዙ ላሜራ በየ4 ኢንቹ ይመታ። የመጀመሪያው የሽንግል ረድፍ ማስጀመሪያ የራሱ ሙጫ ያለው ይሁን፣ ሙጫው ወደ ውጭው ጠርዝ ዞሮ ይነጠፍ። ከተራ ሽንግል ተቆርጦ ተገልብጦ የተሠራ ማስጀመሪያ ሙጫው በተሳሳተ ቦታ ስለሚውል የመጀመሪያውን ረድፍ የሚይዘው ነገር አይኖርም። ሽንግሉ ከላሜራው ከ1/4 እስከ 3/4 ኢንች ይለፍ፤ ከዚያ የረዘመ ለነፋሱ እጀታ ነው።

ማያሚ-ዴድ እና ብሮዋርድ ካውንቲዎች ደግሞ ከፍተኛ የነፋስ ቀጠና ስለሆኑ ዕቃው ሁሉ ለዚያ ቀጠና የጸደቀ መሆን አለበት። የማጽደቂያውን ቁጥር ከፐርሚቱ (ካውንቲው ለሥራው ከሚሰጠው ፈቃድ) ጋር አያይዘው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

«ጋልቫኒዝድ ነው፣ ጨው አይነካውም»

አዲስ አበባ ላይ ሠላሳና አርባ ዓመት የቆየ ቆርቆሮ ያየ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። ደጋ ላይ ጨው የለም። ጠረፍ ላይ ግን ጨው በብረቱ ላይ ያርፋል፣ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ጋልቫኒዝድ ብረት የተለበጠበትን ዚንክ ቀን ከሌሊት ይበላዋል። ጋልቫልዩም የሚባለው፣ ልባሱ 55 በመቶ አሉሚኒየም የሆነው ቆርቆሮ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የተቆረጠ ጠርዙ ላይ ብረቱ ራቁቱን ነው። ብዙዎቹ አምራቾች ለጨዋማ ውሃ ቅርብ ለሆነ ቤት ዋስትና አይሰጡም፤ ውል ውስጥ በብዛት የሚታየው ርቀት 1,500 ጫማ ነው። ሻጩ ይህን በአፉ ላይነግርዎት ይችላል፤ ከማዘዝዎ በፊት የዋስትናውን ወረቀት ያንብቡ።

ውቅያኖሱ ከቤትዎ የሚታይ ከሆነ አሉሚኒየም ይግዙ፤ 0.032 ኢንች ውፍረት የተለመደ ነው። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ቀይ ዝገት አያወጣም። ቡሎኑ ስቴይንለስ ይሁን፣ ለጠረፍ 316 የሚባለው፤ ውስጡ ያለው ሞሊብዲነም ነው ጨውን የሚቋቋመው። አሉሚኒየም ላይ ተራ ቡሎን የመታ ሰው ጣራውን ሳይሆን ቡሎኑን ነው የሚያጣው፤ ጭንቅላቱ ዝጎ ይበጠሳል፣ ቆርቆሮው ይፈታል። ቡሎኑ ከላይ የሚታይ ዓይነት ከሆነ ጎማውን ይመልከቱ፦ በትክክል የጠበቀ ጎማ ከብረት ክዳኑ ጠርዝ በትንሹ ብቅ ይላል። ተጨፍልቆ ከተረፈ በሁለት ሦስት በጋ ይሰነጠቃል።

መዳብ ደግሞ ለአሉሚኒየምም ለዚንክም ጠላት ነው፤ ከኤር ኮንዲሽነሩ የመዳብ ቱቦ የሚንጠባጠብ ውሃ ሳይቀር በወረደበት መስመር ልባሱን ይበላዋል። በኬሚካል የታከመ እንጨት ውስጥም መዳብ ስላለ ብረቱ በቀጥታ እንዳይነካው መሐሉ ይሸፈን።

ጨው ቶሎ የሚበላው ዝናብ የሚያገኘውን ገጽ ሳይሆን የማያገኘውን ነው፤ የክፈፉን ሥር፣ ከአሸንዳው ጀርባ ያለውን፣ በረንዳው ውስጥ ያለውን። እነዚህን ቦታዎች በየሁለት ሦስት ወሩ በጎማ ውሃ ማጠብ የቆርቆሮውን ዕድሜ ያራዝማል።

«ማዕበል ሲመጣ ጣራው እንዳይነሳ መስኮት መክፈት»

ተቃራኒው ነው የሚሆነው። የገባው ነፋስ ጣራውን ከውስጥ ይገፋዋል፣ የውጪው ነፋስ ከላይ ይስበዋል፣ ሁለቱ ይደመራሉ። ይዝጉ፤ የጋራዡን በር ጭምር ለነፋስ የተሠራ ያድርጉት።

«15 ዓመት የሞላው ጣራ በሕግ መቀየር አለበት»

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። በ2022 የወጣው የፍሎሪዳ ሕግ ኢንሹራንሶች ከ15 ዓመት በታች የሆነን ጣራ በዕድሜው ብቻ አንቀበልም እንዳይሉ ይከለክላል። 15 ዓመት ካለፈው ደግሞ ባለቤቱ ጣራውን ማስመርመር ይችላል፤ መርማሪው ቢያንስ 5 ዓመት ይሠራል ካለ በዕድሜው ብቻ ሊያባርሩት አይችሉም። በሌላ በኩል «የ30 ዓመት ሽንግል» በዚህ ፀሐይ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ነው የሚቆየው፤ ዕቅድዎን በዚህ ያውጡ።

«ተቀናሹን እኔ እችልልዎታለሁ»

ተቀናሽ ማለት ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ ከኪሱ የሚችለው ድርሻ ነው። የሃሪኬን ተቀናሽ ብዙ ጊዜ ቤቱ ኢንሹራንስ የተገባለት መጠን 2 በመቶ ነው፤ ለ400,000 ዶላር ቤት 8,000 ዶላር። ይህን እከፍልልዎታለሁ የሚል ኮንትራክተር ፍሎሪዳ ውስጥ ሕግ ጥሷል፤ ያንን ገንዘብ የሚያካክሰውም ከሚስማሩና ከቴፑ ላይ ነው። ፈቃዱን በግዛቱ የፈቃድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይፈልጉ፤ በግዛቱ ሁሉ የሚሠራ የጣራ ኮንትራክተር ቁጥር በሲ ሲ ሲ ይጀምራል።

«ከፈልኩ፣ አለቀ»

ሽንግሉን የሸጠው መደብር ገንዘቡን ከኮንትራክተሩ ካላገኘ፣ እርስዎ ሙሉውን ከፍለውም ቢሆን በቤትዎ ላይ ዕዳ ሊያስመዘግብ ይችላል። የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ከኮንትራክተሩም ከዕቃ አቅራቢውም «ዕዳ የለብንም» የሚል የተፈረመ ሪሊስ ይቀበሉ፤ ፐርሚቱም በካውንቲው ተመርምሮ መዘጋቱን ያረጋግጡ።

ከዚያ ፎቶ። ፕላይውዱ ተመትቶ ገና ሳይሸፈን፣ ሜትር ከሚስማሮቹ ጎን ተዘርግቶ፣ የ6 ኢንቹ ርቀት እንዲነበብ ሆኖ ይነሳ። ቴፑ ተለጥፎ ሲያልቅ እንደዚሁ፣ የግድግዳ ማሰሪያውም እንደዚሁ። የነፋስ መከላከያ መርማሪው ኦ አይ አር ቢ1-1802 የሚባለውን ቅጽ ሲሞላ የሚጠይቀው ይህን ማስረጃ ነው። ቅጹ እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ኢንሹራንሱም በእሱ መሠረት ለነፋስ ሽፋን የሚከፍሉትን ገንዘብ መቀነስ በሕግ ይጠበቅበታል። ሽንግሉ ከተመታ በኋላ ግን ሥሩ ያለውን ቴፕ ማንም ሊያየው አይችልም፤ ፎቶው ከሌለ መርማሪው ያንን ሣጥን ባዶ ይተወዋል።