«ጥሩ ቢሆን ኖሮ እንሰማ ነበር» እና ሌሎች ስለ አዲስ አበባ ጥበብ የሚነገሩ ስሕተቶች

ኑሮዬ የሥዕል ዐውደ ርእይ በማዘጋጀት ላይ የተመሠረተ ነው። ሥራዬን ስናገር የማገኘው መልስ ከሰው ሰው እምብዛም አይለይም፦ «እኛ አገር ደግሞ ምን የሚታይ ሥዕል አለ?» ሙዚቃው ሞቷል፣ ፊልሙም ተበላሽቷል ተብሎ ይጨመርበታል። ለመጨረሻ ጊዜ ዐውደ ርእይ የገቡት መቼ እንደሆነ ስጠይቅ ግን መልስ የለም። የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ያላዩትን ነገር የለም ብሎ መመስከር በሌላ ጉዳይ ነውር ነው፤ ወደ ጥበብ ሲመጣ ግን እንደ ዕውቀት ይቆጠራል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እዚህ ላንሣቸው።

«አዲስ አበባ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም»

አለ። ከአምስት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን አካባቢ ብቻ እንውሰድ። ወደ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገባ ሰው ድንቅነሽን አይቶ ይወጣል፤ በዚያው ሕንጻ የሥዕል ስብስብ መኖሩን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል አለ። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ዛሬ ድረስ ሠዓልያንን ያወጣል፤ የተመራቂዎቹን ሥራዎች ለማንም ክፍት አድርጎ ያሳያል። ወደ ፒያሳ ቢወርዱ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ወደ መካኒሳ ቢሄዱ ዞማ ሙዚየም አለ። የግል ጋለሪዎቹን ገና አልቆጠርኩም።

በዚያው ሰፈር ለብዙ ዓመታት የሠራ አንድ ሐኪም ወዳጅ አለኝ። የገብረ ክርስቶስን ሥዕሎች ያየው አንድ የሐምሌ ዝናብ አስገድዶት ወደ ግቢው ስለገባ ነው። ማታ ደውሎልኝ «ይህ ሰው ማን ነው?» አለኝ። ከሐረር ተነሥቶ በጀርመን ኮሎኝ የተማረ፣ ሠዓሊም ገጣሚም የነበረ፣ በስደት አሜሪካ ውስጥ ያረፈ ታላቅ ሰው መሆኑን ነገርኩት። ሐኪሙ የተማረና የሚያነብ ሰው ነው። ያጣው መረጃ ሳይሆን በዚያ በር የመግባት ልማድ ነበር።

«ጥሩ ቢሆን ኖሮ እንሰማ ነበር»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ አስተዋይ የምላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ስለሚናገሩት። ከሥሩ ያለው እምነት፣ ጥሩ ሥራ በራሱ ጊዜ እኔ ዘንድ ይደርሳል፣ ያልደረሰኝ ደግሞ ስለማይረባ ነው የሚል ነው።

ኃይሉ መርጊያን አስቡ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደና እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን የተጫወተበት ካሴት አወጣ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስም መኪናው ውስጥ በያዘው ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በዚያ ከተማ ከሚኖረው ሐበሻ ስንቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ከፊቱ ያለው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ወርዶ ይሆን? በመጨረሻ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ያንን ሥራ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ተጫወተ። ካሴቱ በ1985ም በ2013ም ያው ካሴት ነው፤ አንድም ኖታ አልተጨመረበትም። ልዩነቱ የሚፈልገው ሰው መምጣቱ ብቻ ነው።

ኤልያስ ስሜም ሌላው ማስረጃዬ ነው። ከመርካቶ የሚሰበስባቸውን የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የኮምፒውተር ክፍሎችና ቁልፎች እየጠለፈና እየገጣጠመ ግድግዳ የሚያህሉ ሥራዎችን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሸልሞታል፤ በ2024 ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጥበብ ዐውደ ርእይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ ወቅት ሥራዎቹን አሳይቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በቬኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን የማሳያ ቦታ (ፓቪሊዮን) ከፍታ በተስፋዬ ኡርጌሳ ሥዕሎች ተወክላለች። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የመሪኮከብ ብርሃኑ ሥራዎች በቢየናሌው ዋና ዐውደ ርእይ ተካትተው ነበር። ሦስቱም ያደጉትና የተማሩት እዚሁ ከተማ ነው። ጎረቤቶቻችሁን ስለ ሦስቱ ጠይቁና መልሱን ስሙ። እነዚህ ሰዎች ያልተሰሙት ስላልጎበዙ ነው የሚል ካለ እኔ ከእርሱ ጋር የምከራከረው የለኝም።

ወሬው የማይደርሰን ለምን እንደሆነ ግን ላስረዳ፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነውና። አንድ ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ ያለው ገንዘብ ለፍሬም፣ ለማጓጓዣ፣ ለመብራትና ለካታሎግ ያልቃል። ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚተርፍ ሳንቲም የለም። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ሰዓት ደግሞ በአብዛኛው ስፖንሰር ያለው ሰው ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥሪው በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለጠፋል፣ በስልክ መልእክት ይላካል፤ የሚደርሰውም አስቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ነው። በመክፈቻው ምሽት የሚመጡት እነዚያው ወዳጆች፣ እነዚያው ሠዓልያን፣ እነዚያው የኤምባሲ ሰዎች ናቸው። ዐውደ ርእዩ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይወርዳል። ከክበቡ ውጭ ያለ ሰው ምንም ሳይሰማ አንድ ዓመት ሙሉ ሊያልፍ ይችላል፤ ከዚያም «ምንም የለም» ይላል።

እንግዲህ መፍትሔው ወደ ክበቡ አንድ ጊዜ መግባት ነው። አንድ ሥራ ካስደሰታችሁ ሠዓሊውን ፈልጉና «አንተስ የማንን ሥራ ትወዳለህ? ያስተማረህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። ተስፋዬ ኡርጌሳን የወደደ ሰው ይህን ቢጠይቅ መምህሩን ታደሰ መስፍንን ያገኛል፤ የገበያ ሴቶችን እንደ ምሰሶ አቁሞ የሚሥለውን፣ በአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ለአሥርት ዓመታት ያስተማረውን። ከታደሰ ደግሞ ወደ ሌሎች ተማሪዎቹ መሄድ ነው፤ ክሩ አይበጠስም። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጓደኛዋን አጅባ መክፈቻ ላይ መጥታ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ሠዓሊው የሁለት ባልንጀሮቹን ስም በወረቀት ጻፈላት፤ ሁለቱንም በየስቱዲዮአቸው ሄዳ አገኘቻቸው። ዛሬ የማን አዲስ ሥራ የት እንዳለ ለማወቅ የምደውለው ለእርሷ ነው። ሥልጠና አልወሰደችም፣ ዘመድም አልነበራትም።

«የሙዚቃው ወርቃማ ዘመን አልፏል»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች የዚያን ዘመን ሙዚቃ ይወዳሉ፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ያ ዘመን እንዴት እንደመጣ አይጠይቁም። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት የሸክላ ነጋዴ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ክልከላ ደፍሮ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ወርቅ የምንለው ሙዚቃ ብዙው ድፍረቱን ባደረገው በዚህ ሰውና ሸክላውን በገዙት የከተማ ወጣቶች ገንዘብ የተሠራ ነው። ወርቃማውን ዘመን ያቆመው በጊዜው የነበረ አዳማጭ ነው እንጂ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚናፍቅ ሰው አይደለም።

የዛሬዎቹስ? የሳሙኤል ይርጋን ፒያኖ ስሙ። የጆርጋ መስፍንን ሳክስፎን፣ ግሩም መዝሙር በአዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት የድሮ ዜማዎችን በማንዶሊን፣ በክላርኔትና በአኮርዲዮን እንዴት እንዳስነሣቸው ስሙ። ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የማሲንቆና የክራር ድምፅን ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዋሕደው የሠሩትን ስሙ። አንዱን እንኳ ሳትወዱ ልትቀሩ ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው። ሳትሰሙ «ሞቷል» ማለት ግን መብት አይደለም። ክፍያ ለሙዚቀኛው እንዲደርስ ታስበው የተሠሩ እንደ ሰዋስው ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች አሉ፤ በነጻ የተጫነ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ከማስተላለፍ በእነርሱ ብትሰሙ ቀጣዩ አልበም የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል።

«የእኛ ፊልም የፍቅር ኮሜዲ ብቻ ነው»

የምታውቁት የሲኒማ ቤቱን ፖስተር ብቻ ከሆነ እንደዚያ ሊመስል ይችላል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2009 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ የሚካሄደውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት የወሰደው በአማርኛ በተሠራ ፊልም ነው። የያሬድ ዘለቀ ፊልም በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ፤ ታሪኩ የአንድ ሕፃንና የበጉ ነው። ጀሲካ በሽር ስለ ሐረር አካባቢ የጫት ሕይወት በጥቁርና ነጭ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም በ2021 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታይቷል። ኮሜዲውም ቢሆን አይናቅ፤ ካሜራ ባለሙያውና ድምፅ ቀጂው እጃቸውን የሚያፍታቱት በእርሱ ነው። አጫጭር ፊልሞችን ለማየት ግን መደበኛው ሲኒማ ቤት ቦታው አይደለም። በጎተ ኢንስቲትዩትና በአሊያንስ የሚዘጋጁ ማሳያዎችን፣ የፌስቲቫል ሳምንቶችንም ተከታተሉ፤ ካለቀም በኋላ አትውጡ፤ ዳይሬክተሩ ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ አለ።

«ጋለሪ የሀብታም ቦታ ነው»

ለማየት የሚያስከፍል የግል ጋለሪ እዚህ ከተማ አላጋጠመኝም። ማንም «ልትገዛ ነው?» ብሎ አይጠይቃችሁም። በሩ የተዘጋ ቢመስልም አንኳኩ፤ ጥበቃው ይከፍታል፣ መብራትም ያበራላችኋል። ሥዕሉን ለማየት እንደ አዋቂ መናገር አያስፈልግም። በምን እንደተሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደወሰደ፣ ሠዓሊው ከየት እንደጀመረ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እኔ ለአንድ ተማሪ ስመልስ ምሳዬን ረስቼ አውቃለሁ። በሰው ፊት የምታፍሩ ከሆነ በመክፈቻው ምሽት ሳይሆን በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ኑ፤ አዳራሹ የእናንተ ብቻ ይሆናል።

«ሥዕል ውድ ነው።» የታዋቂዎቹ አዎ፤ የተመራቂ ተማሪዎችና የወረቀት ሥራዎች ግን የአንድ ጥሩ ጫማ ዋጋ የሚጠየቅባቸው አሉ፤ ከፋፍሎ መክፈልም ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ጠይቁ።

«በስልክ አይቼዋለሁ።» አላያችሁትም፤ የኤልያስ ስሜን የሽቦ ጥልፍ ጥልቀት የስልክ መስታወት አያሳይም።

«ማስተዋወቅ ይበቃቸዋል።» ለሠርግ በነጻ ተጫወትልን፣ ለቢሮአችን በነጻ ሣልልን የምትሉ ሰዎች፣ የቤት ኪራይ በማስተዋወቅ አይከፈልም።

«ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ»

ቦታዎቹ የሚጠብቁን ይመስለናል። ጃዝአምባ የተባለው የጃዝ ክለብ በጣይቱ ሆቴል ነበር፤ በጥር 2007 ዓ.ም. የሆቴሉን ከፊል ያወደመው እሳት እርሱንም ወሰደው። መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት አንሥቶ ዐውደ ርእይ፣ የግጥም ምሽትና የጃዝ መድረክ ያደረገው ፈንድቃ በካዛንቺስ መልሶ ማልማት ምክንያት በ2017 ዓ.ም. ከነበረበት ተነሣ። ከፈረሰ በኋላ «አንድ ቀን እሄዳለሁ እያልኩ» ብለው ያዘኑልኝን ሰዎች በደስታ አልሰማኋቸውም። ከሚኖሩበት ሰፈር በእግር የሚደረስ ነበር።

ስለዚህ ቀን ቁረጡ። የሚመጣው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ተማሪዎቹ ሲመረቁ፣ ወደ አለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ሂዱና በየክፍሉ ዙሩ። ያስቆማችሁን ሥራ ስትወጡ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ባለው የአስተያየት መዝገብ በስሙ ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ «በርቱ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ ከእርሱ የሚማር ተማሪ የለም። ከአስተያየቱ ሥር ስልክ ቁጥራችሁን አኑሩ። ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ሰው የሚቀጥለውን የጥሪ ዝርዝር የሚያወጣው ከዚያ መዝገብ ነው፤ እኔም የማደርገው እንደዚሁ ነው።