«ሻምበሉ የት ነው?» ስለ ፖሊስ ማዕረግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ ፍርድ ቤት አጠገብ ራፖር እጽፋለሁ። አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሰው መጥቶ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል «ለኮማንደሩ ጻፍልኝ» ይለኛል። የትኛው ኮማንደር? «ትልቁ ነዋ!» ዕድሜው ገፋ ያለ ከሆነ ደግሞ «ለሻምበሉ» ይላል። ይሄ ነገር በጣም ሰልችቶኛል። የሰለቸኝ ደጋግሜ ስለሰማሁት ብቻ አይደለም። ሰው ሲጎዳበት በዓይኔ ስላየሁ ነው።

መነሻው እንዲህ ነው። አባቶቻችን የሚያውቁት ፖሊስ በንጉሡም በደርግም ጊዜ የጦር ሠራዊት ማዕረግ ነበረው። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ኮሎኔል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ይሄ ቀረና ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር፣ ኮሚሽነር መጣ። በየመሐሉ ረዳት፣ ምክትል፣ ዋና እየተባለ ይከፋፈላል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፣ እኛ ግን ገና አልለመድነውም።

ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ልጨርስ።

«ዋና የሚል ካለበት ትልቅ ነው።» በራሱ እርከን ውስጥ ብቻ። ዋና ሳጅን ከምክትል ኢንስፔክተር በታች ነው፣ ዋና ኢንስፔክተርም ከኮማንደር በታች ነው።

«ኮሚሽነር የሚባለው አዲስ ነገር ነው።» አይደለም። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር የሞቱት ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ የፖሊስ ኮሚሽነር ነበሩ። ያኔ ማዕረጋቸው ጄኔራል፣ ሹመታቸው ኮሚሽነር ነበር። ዛሬ ኮሚሽነር ማዕረግም ሆኗል፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

«ሲዳማ ክልል ሲሆን ማዕረጉም ተለወጠ።» ሰኔ 2012 ላይ የተለወጠው የክልሉና የፖሊስ ኮሚሽኑ ስም ነው። ሳጅኑ ሳጅን፣ ኮማንደሩም ኮማንደር ነው።

«የድሮውን ሰው በድሮው ማዕረጉ መጥራት ነውር ነው።» ማን አለ? ሰፈራችን ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ አሉ፣ ዕድሩም ሰፈሩም ሃምሳ አለቃ ነው የሚላቸው። በላባቸው ያገኙት ነው፣ ጥሯቸው።

«ኢንስፔክተር ማለት መርማሪ ነው።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የተማረውም ይሳሳተዋል። ኢንስፔክተር ማዕረግ ነው፣ መርማሪ ደግሞ ሥራ። መንገድ ላይ ትራፊክ የሚያስተናብር ኢንስፔክተር አለ፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ የምርመራ መዝገብ የያዘ ሳጅንም አለ። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ «መርማሪ ፖሊስ» ብሎ ነው የጻፈው፣ ሻምበል ወይም መቶ አለቃ አላለም። እና ጣቢያ ሄደህ «ኢንስፔክተሩን ጥሩልኝ» ስትል ጉዳይህን ጭራሽ የማያውቅ ሰው ይጠሩልሃል። እሱም «እኔን አይመለከተኝም» ይልሃል፣ አንተም ተንቄ ተመለስኩ ብለህ ለሰፈሩ ታወራለህ።

አሁን ወደ ዋናው። «ትልቅ ማዕረግ ያለው ሰው ካልያዘው ጉዳዬ አያልቅም።»

አንዲት እናት ናቸው። አሞራ ገደል ዓሣ ይሸጣሉ። ባጃጅ የሚነዳ ልጃቸው ማክሰኞ ማታ ተያዘ። ረቡዕ ጠዋት ምሳውን በፌስታል ቋጥረው ጣቢያ ሄዱና በር ላይ ያለውን ወጣት ፖሊስ «ልጄ፣ ሻምበሉን አገናኘኝ» አሉት። «እማማ፣ እዚህ ሻምበል የሚባል የለም» አላቸው። እውነቱን ነው፣ የለም። እሳቸው ግን ልጃቸውን የደበቁባቸው መሰላቸው። ሐሙስም ሄዱ፣ ያው መልስ። ምሳውን ይቀበሏቸዋል፣ ሻምበል ግን የለም። ዓርብ ጠዋት እኔ ጋ ሲመጡ የነጠላቸው ጫፍ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ነበር፣ ከሥራ ቀጥታ ነው የመጡት። «ለሻምበሉ ጻፍልኝ» አሉኝ።

አልጻፍኩም። ማሽኑን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ያንኑ ወጣት «የዚህን ልጅ መዝገብ የያዘው መርማሪ ማነው?» አልኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ምክትል ሳጅን ነው፣ ቢሮው ከበሩ አስር እርምጃ አይርቅም። እናትየው ሁለት ቀን ሙሉ በአጠገቡ ሲያልፉ ከርመዋል፣ ተራ ፖሊስ ነው ብለው ዞር ብለውም አላዩት። ልጁ ከሰዓት ችሎት ቀረበ፣ በዋስ ተለቀቀ።

ጥፋቱ የእናትየው አይደለም፣ ይሄ ይሰመርልኝ። የተያዘን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ የፖሊስ ግዴታ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ። ከዚያ ውጪ የሚታሰበው እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ጣቢያና ፍርድ ቤት በባጃጅ ደቂቃዎች ነው። ግዴታው ኮንስታብሉንም ኮሚሽነሩንም እኩል ይይዛል። ማዕረግ ለእነሱ ለውስጣቸው ነው፣ ማን ማንን እንደሚያዝ ለማወቅ። ለአንተ ያለባቸው ግዴታ በማዕረግ አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ስለዚህ ጣቢያ ስትሄድ ሦስት ነገር ጠይቅ። መርማሪው ማነው? የመዝገቡ ቁጥር ስንት ነው? ፍርድ ቤት የሚቀርበው መቼ ነው? የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ያዝ። ማመልከቻ ስታጽፍ ለሰው ሳይሆን ለመሥሪያ ቤቱ አድርገው፣ ሰው ይዛወራል፣ ጣቢያው ግን የትም አይሄድም። የፖሊሱን ስም ከነአባቱ ያዝ፣ ማዕረጉን ከጎኑ ጻፍ። በማዕረግ ብቻ ከጻፍከው ሰውየው ማዕረጉ ሊያድግ ይችላል፣ አንዱ ወረቀት ላይ «ሳጅኑ»፣ ሌላው ላይ «ኢንስፔክተሩ» ይሆንና አንድ ሰው ሁለት ይመስላል። በዚህ የተነሳ ምስክር ሲደናገር አይቻለሁ።

የመጨረሻው የባለሥልጣንም የባለሙያም ስህተት ነው። «የወታደሩ ስም ስለቀረ ፖሊስና ሕዝብ ተቀራረበ።» ስም ምንም አያደርግም አልልም። መቶ አለቃ ስትል ስሙ ራሱ የሚነግርህ ስንት ወታደር እንደሚያዝ ነው፣ ለአንተ ምን እንደሚሠራልህ አይደለም። እንዲያ ያለ ስም ቢቀር ጥሩ ነው። ደቡብ አፍሪካን እዩ። ከአፓርታይድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 ፖሊሶቿ የጦር ማዕረጋቸውን ተዉ፣ በ2010 መልሰው ጄኔራልና ኮሎኔል ሆኑ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 ላይ ማሪካና በሚባል የማዕድን ቦታ ፖሊስ በአንድ ቀን 34 የማዕድን ሠራተኞችን ተኩሶ ገደለ። ማዕረጉ ነው የተኮሰው አልልም። ግን የጦር ማዕረጉ ቀርቶ በነበረባቸው አስራ አምስት ዓመታትም ቢሆን ስሙ ስለለሰለሰ ብቻ የድሃው ሰፈር ፖሊሱን አላመነውም። እምነት የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ከየት እንደሚመጣ ሰፈሬ አይቻለሁ። የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ የሆነ አንድ ሳጅን ነበረን። የሚጣሉ ጎረቤቶችን ያስታርቃል፣ ሰካራሙን እቤቱ ያደርሳል፣ ለቅሶ ይደርሳል። የሁላችንም ስልክ ላይ ቁጥሩ አለ። ከዚያ ኢንስፔክተር ሆነ፣ ተዛወረ። ደስ ብሎን ሸኘነው፣ ይገባዋል። የተተካው ልጅ መጥፎ አይደለም፣ ግን ማንንም አያውቅም፣ ማንም አያውቀውም። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ቤት ሌባ ሲገባ ሴትየዋ የደወለችው አዲሱ ልጅ ጋ አይደለም። ሌላ ክፍለ ከተማ ያለው የድሮው «ሳጅን» ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ከዚያ ሆኖ ምን ያድርግ?

ማዕረግ ሲሰጥ ይሄም ቢታሰብ ደስ ይለኛል። ሰውየው ከመሄዱ በፊት ተተኪውን ይዞ አንድ እሑድ ጠዋት ዕድሩ ድንኳን ቢመጣ፣ ቡና እየጠጣን «ይሄ እገሌ ነው፣ ቁጥሩን ያዙ» ቢለን። ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።