ስቴሽን ዋገንን ማን ገደለው?

«ስቴሽን ዋገን» ስል አብዛኞቻችሁ ዓይን ላይ የመጣው ላንድክሩዘር ሳይሆን አይቀርም። እኛ ጋ ቃሉ እሱ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። አሜሪካኖች ግን የሚሉት ሌላ መኪና ነው። እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ለመሬት የቀረበ፣ ጣሪያው ግን እስከ ኋላ መብራቱ ድረስ ቀጥ ብሎ የሚሄድና ከኋላ በር ያለው። ስሙን ያገኘው መንገደኛን ከነሻንጣው ከባቡር ጣቢያ ያመላልስ ከነበረበት ጊዜ ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) የአሜሪካ ቤተሰብ መኪና ማለት እሱ ነበር። ዛሬ በመብራት ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ለምን ጠፋ ሲባል የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

«የገደለው ኤስዩቪ ነው»

ኤስዩቪ (እንደ ላንድክሩዘር ከፍ ብሎ የቆመው መኪና) የደረሰው ለቀብሩ ነው። መጀመሪያ የመታው ሚኒቫን ነው። የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለር ከኪሳራ አፋፍ በመንግሥት ዋስትና ብድር ከተረፈ ብዙም ሳይቆይ፣ በሊ አያኮካ አመራር፣ በ1983 መጨረሻ ዶጅ ካራቫንንና ፕሊማውዝ ቮዬጀርን አወጣ። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ በሩ ተንሸራታች ነው፤ ቁመቱም ጋራዥ ውስጥ ያስገባዋል። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ታቅፋችሁ መኪና ውስጥ ለማስቀመጥ ሞክራችሁ ከሆነ ልዩነቱ ይገባችኋል። ፎርድ ኤክስፕሎረር የተባለውን ኤስዩቪ በ1990 ሲያመጣ ዋገኑ እያጣጣረ ነበር። የፎርድ ዝነኛ ዋገን ካንትሪ ስኳየርም በ1991 አበቃ።

«ነዳጅ ስለሚበላ ነው የተተወው»

ታዲያ ምነው በባሰ በላተኛ ተተካ? ይሄኛው አባባል ነው እኔን የሚያናድደኝ፤ ዋናውን ነገር ስለሚደብቅ።

በ1973 የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ አሜሪካ ውስጥ ማደያው ሁሉ ሰልፍ ሆነ። በ1975 ኮንግረስ ሕግ አወጣ፤ አንድ ኩባንያ በዓመት የሚሸጣቸው መኪኖች አማካይ ፍጆታ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ፣ ካለፈ ደግሞ እንዲቀጣ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ሕጉ የቤት መኪናንና «ቀላል የጭነት መኪና»ን ለየብቻ ማስቀመጡ ነው። ለጭነት መኪናው፣ ገበሬውና አናጢው የሚሠራበት ነው ተብሎ፣ ለቀቅ ተደረገለት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቤት መኪኖች አማካይ በሊትር 11.7 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ነበረበት፤ የቀላል ጭነት መኪኖቹ 8.8 ገደማ።

ዋገኑ የተመደበው ከቤት መኪኖቹ ጋር ነው። ኤስዩቪና ሚኒቫን ደግሞ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ከማድረስ በቀር ሌላ ጭነት ባያውቁም፣ ከጭነት መኪኖቹ ጋር። ስለዚህ ትልቅ ዋገን በተሸጠ ቁጥር የኩባንያው የቤት መኪኖች አማካይ ይበላሻል። ያንኑ የሚያህል ሞተር ኤስዩቪ ላይ ስትገጥመው ግን የሚለካው በላላው ሚዛን ነው። ፋብሪካ ደግሞ ቂል አይደለም።

አርሊንግተን፣ ቴክሳስ ያለውን የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ እንይ። የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ዋገኖች፣ ቢዩክ ሮድማስተርና ሸቭሮሌ ካፕሪስ፣ በ1996 እዚያ መመረታቸው ቆመ። ፋብሪካው ወደ ፒክአፕና ትልልቅ ኤስዩቪ ተዛወረ። 5.7 ሊትር ቪ8 ሞተር ያለው ዋገን ሄደ፤ 5.7 ሊትር ቪ8 ሞተር ያለው ታሆ የተባለ ኤስዩቪ መጣ። የቤንዚን ቁጠባ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ! በዚያ ላይ ኤስዩቪው የተሠራው ቀድሞ ባለው ፒክአፕ ላይ ስለሆነ ትርፉ ወፍራም ነበር።

«ጠባብ ስለሆነ ነው»

ሮድማስተር ስምንት ሰው ይጭናል። ወንበሮቹን ስታጥፏቸው 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ወለሉ ላይ ተንጋሎ ይተኛል፣ የኋላው በርም ይዘጋል። ብዙዎቹ ትልልቅ ዋገኖች የመጨረሻው ወንበራቸው ወደ ኋላ የዞረ ነበር፤ ልጆች ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር ምላሳቸውን እያወጡ ነው ያደጉት። ምናልባት ጉዱም እዚያው ነው። እነዚያ ልጆች ራሳቸው መኪና መግዣ ዕድሜ ሲደርሱ የእማዬንና የአባዬን መኪና መንዳት አላማራቸውም። ኋላ ሚኒቫንንም ያገኘው ይሄው ዕጣ ነው።

«ጎኑ ላይ ያለው የእውነት እንጨት ነው»

የድሮዎቹ አዎ፣ የእውነት እንጨት ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አካላቸው ብረት ሆነ፤ በ70ዎቹ ፎቶ ላይ የምታዩት የእንጨት ሥዕል ያለበት ተለጣፊ ፕላስቲክ ነው። ለኔ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

«ጨርሶ ሞቷል»

አልሞተም፤ ተደብቋል። ሱባሩ አውትባክ በ90ዎቹ አጋማሽ የመጣው ከፍ ብሎ የቆመ ዋገን ሆኖ ነው። ለ2005 ሞዴል ደግሞ ኩባንያው ከመሬት ትንሽ አንስቶት በሕጉ ዓይን «ቀላል የጭነት መኪና» አደረገው። ጥቂት ሳንቲ ሜትር፣ አለቀ። ዛሬ መንገዱን የሞሉት ክሮስኦቨሮችም አብዛኞቹ በቤት መኪና አካል ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ታኮ ጫማ ያደረጉ ዋገኖች በሏቸው።

ዝቅ ብሎ የቀረው እውነተኛው ዋገን ደግሞ የሀብታም መጫወቻ ሆኗል። ኦዲ አርኤስ6 እና ቢኤምደብልዩ ኤም5 ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ናቸው። ስማቸው ላይ ግን «ዋገን» የሚል ቃል የለም፤ አንዱ «አቫንት» ይባላል፣ ሌላው «ቱሪንግ»።